በግራ ዓይኗ ያየችው ስላይድ

በዚያን ቀን እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው ሴት ልጄ። የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ የነጭ ጋዋኗ እጅጌ ላይ የማይለቅ ቀይ ነጠብጣብ ያለባት። የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ድሮ ባቡር ላይ የሠሩ ሽማግሌ። ከጎናችን አግዳሚው ላይ የተቀመጠች የወሎ ሴት፣ በሰቃ በሚባለው የሰፈሩ ገበያ ቅመም የምትሸጥ። ዘግይታ የደረሰች አንዲት ነርስ። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ነበሩ፤ ታናሽየው የመታው ነው፣ ታላቅየው እውነቱን ያወቀው። ከመንገድ የጎረፈውን ሰው አልቆጥርም። እነሱ የመጡት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ የመጡትም ለመግደል ነው።

ልጄ ክረምቱን ስትስል ከረመች። መጀመሪያ የጉንፋን ነው አለች። ቀጥሎ የፋብሪካው የጨርቅ ብናኝ ነው አለች። እኔ ግን ሳል አውቃለሁ። የልጄ አባት የሞተው በሳምባ ነቀርሳ ነው። እሱም ብርድ ነው፣ ብናኝ ነው ሲል ኖሮ አንድ ጠዋት ደም በአፉም በአፍንጫውም ገንፍሎ መጣ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አቀረብኩለት። ሳፋው ውስጥ የገባው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ግድግዳው ላይ ነው የተረጨው። ሲታነቅ እጄን ይዞኝ ነበር። ጣቶቼን ሊሰብራቸው እስኪደርስ ጨመቃቸው፤ ከዚያ ለቀቀኝ። ሲለቀኝ ነው የሞተው። ልጄ ያን ጊዜ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዞር በይ የሚላት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እሷ ስትስል እኔ አልተኛም። መስኮት እከፍታለሁ። ብርጭቆዋን ለይቼ በፈላ ውኃ አጥባለሁ። ትራሷን ገልብጬ መሐረቧን እፈትሻለሁ። «እማዬ፣ እናት ነሽ ወይስ ፖሊስ?» ትለኛለች። ሁለቱም ነኝ እላታለሁ።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሐኪሙ አክታ ይመርመር አለ። አዲሱ ማሽን ዕቃው አልቆ ቆሟል፤ ስለዚህ በድሮው መንገድ፣ በስላይድና በቀለም ይታያል ተባለ። ቀለሙ በሽታውን ካላሳየ ግን መድኃኒት አልጀምርላትም አለኝ። የልጄ ነገር ያለው እዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ነበር።

ችግሩ አክታው አልወጣ አላት። በሄድን ቁጥር የላቦራቶሪዋ ልጅ ብልቃጧን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታያትና ትመልስልናለች።

«ይሄ ምራቅ ነው የኔ እህት። ምራቅ ምንም አያወራም።»

«ሌላ የለኝም» ትላታለች ልጄ።

«አለሽ። ከታች ነው ያለው። ትንፋሽ ሳቢ፣ ያዢው፣ አሁንም ሳቢ፣ ከዚያ ከሆድሽ አውጪው።»

በዚያን ቀን ጠዋት ከጤና ጣቢያው ኋላ፣ ነፋስ ከሚነፍስበት አጥር ሥር ወስዳ አብራት ቆመች፤ ነፋሱ ከኋላዋ እንዲነፍስ አድርጋ፣ ራቅ ብላ። ልጄ ሳለች፣ ሳለች፣ አጥሩን ይዛ ተንበረከከች። የአንገቷ ሥር ገመድ ሆኖ ተገተረ። በመጨረሻ ከደረቷ አንድ ነገር የተቀደደ ያህል ድምፅ ተሰማና ወጣ። ወፍራም፣ ቢጫ፣ እንደ ክር የቀጠነ ደም ያለበት። ልጄ ብልቃጧን ሰጥታ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ያለውን የምታወጣ አይመስለኝም ነበር።

ላቦራቶሪው የግቢው ዳር ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የወንፊት ሽቦ ተወጥሮበታል፤ ከሥሩ አግዳሚ አለ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ቧንቧውም ደርቋል፤ ልጅቷ በጀሪካን ውኃ ነው የምትሠራው። ሌላው ሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እኔ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ልቁም ልጄ። ልይ።»

«ምኑን?»

«እንዳይቀላቀል።»

ሌላ ብትሆን ትቆጣ ነበር። እሷ ሳቀች። የልጄን ስላይድ በወንፊቱ በኩል አሳየችኝ። በሹል ብረት ቁጥር ጭራበታለች። «ይኸው ቁጥሯ። እኔ ብሳሳት ይጩሁብኝ» አለችኝ። ስለዚህ ዓይኔን ከዚያ ቁጥር ላይ አልነቀልኩም።

አክታውን በስንጥር አነሳችና መስታወቱ ላይ እንደ አውራ ጣት ጥፍር አድርጋ በስሱ ቀባችው። ነፋስ ላይ አደረቀችው። እሳት ላይ አሳለፈችው። ከዚያ ከሌሎች ሁለት ስላይዶች ጋር ገንዳው ላይ በተጋደሙ ሁለት ብረቶች ላይ ደረደረቻቸውና ቀይ ቀለም አፈሰሰችባቸው። ጥጥ የተጠቀለለበት ሽቦ አልኮል ውስጥ ነክራ ለኮሰችና እሳቱን ከሥራቸው ወዲያና ወዲህ ታመላልሰው ጀመር።

«ይፈላል እኮ» አልኳት።

«እንዲፈላማ አልፈልግም። እንዲተን ብቻ ነው። የቲቢ ጀርም ቆዳው ሰም ነው እናቴ፤ በፈቃዱ ቀለም አይጠጣም። በእሳት እናስገድደዋለን። አንዴ ከጠጣ ግን አሲድ ቢያፈሱበትም አይተፋውም። ሌላው ጀርም ሁሉ ይተፋል። ከዚያ ሰማያዊ እናለብሳለን። በሰማያዊው ውስጥ ቀይ ሆኖ የቀረ ካለ እሱ ነው።»

የወሎዋ ሴት ከአግዳሚው ሰምታለች። የሷ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የሱም ስላይድ ከልጄ አጠገብ ተደርድሯል።

«እንደኔው ሰውዬ ቂም ነዋ» አለች። «ወላሂ፣ እሱም አንዴ ከያዘ በአሲድም አይለቅ።»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ወንድማማቾቹ በግቢው በር የገቡት።

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ፌስታል እሸጣለሁ። ለጥየቃ የሚመጣ ሰው ሳይ ነው የኖርኩት፤ እጅጌው ውስጥ የሆነ ነገር የደበቀ ሰው እለያለሁ። ክንዱ አይታጠፍም። ፊት የመጣው ታናሽየው ነው፤ ከስቶ ጉንጩ የገባ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ። ቀኝ ክንዱ አይታጠፍም ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው ዘበኛውን ቀስ ብዬ፣ «የዚያን ሰው እጅጌ ይዩ።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «ወንድሜ፣ ወዴት ነው? ተራ አለ።»

«ተራዬን ካገኘሁ ቆየሁ አባባ። ዘወር ይበሉ።»

«እጅህን አሳየኝና ዘወር እላለሁ።»

ታላቅየው ከኋላ ደረሰና የወንድሙን ኮት ያዘ። «ና ቤት እንሂድ። ስማኝ እስቲ። እንሂድ» ይለዋል። ፊቱ ወዝቶ ነበር። ታናሽየው ክንዱን መነጨቀና ሽማግሌውን በደረቱ ገፍትሮ መስኮቱ ላይ ደረሰ፤ እኔን ዘወር ሳያደርገኝ በራሴ ላይ አሻግሮ ተናገረ።

«አንቺ። ታስታውሺኛለሽ?»

ልጅቷ እሳቱን እንደያዘች ቀና አለች። «አስታውስሃለሁ። መድኃኒትህን አቋርጠህ ጠፋህ። ስንፈልግህ ነበር።»

«የምን መድኃኒት? ሌላ ክሊኒክ ተመርምሬ ንጹህ ነህ ብለውኛል። ንጹህ። አንቺ ነሽ በሽተኛ ያደረግሽኝ። ሚስቴ ልጆቼን ይዛ ሄደች። ከጭነት ሥራ አስወጡኝ። አከራዬ የበላሁበትን ሳህን እያየኋት ድንጋይ ላይ ሰበረችው። ታውቂያለሽ ሰው የበላሽበትን ሳህን ሲሰብር?»

«ወንድሜ፣ እሳት ይዣለሁ። ላጥፋና ቁጭ ብለን እናወራለን።»

«ቁጭ ማለት የለም።»

የላቦራቶሪውን በር በእግሩ መታው። መቆለፊያው ከነእንጨቱ ተገንጥሎ ወደቀ። ከእጅጌው የወጣው የግንባታ ፌሮ ነበር፤ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የተቆረጠ። የመጀመሪያው ምት ያረፈው ጠርሙሶቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ነው። የቀይ ቀለሙ ጠርሙስ ፈነዳ። ግድግዳው፣ ጋዋኑ፣ የሰውየው እጅና ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀላ። ለእኔ የሆነብኝ የልጄ አባት ግድግዳ ነው። እዚያ ግድግዳ ፊት እንደገና የቆምኩ መሰለኝ።

ልጅቷ አልሸሸችም። መውጫም የላትም። ስላይዶቹ ላይ ተደፋች፤ በሁለት ክንዷ ገንዳውን ሸፈነችው። ሁለተኛው ምት ክንዷን አገኘ። ሦስተኛው ቀኝ ዓይኗና ቅንድቧ ላይ አረፈ። ድምፁ ዱላ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ነው የሚመስለው። አልጮኸችም፤ እንደ ተነፈሰ ነገር «እህ» ብቻ አለች። የያዘችው እሳት ወድቆ የፈሰሰውን አልኮል ያዘውና ወለሉ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሄደ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። የማስታውሰው ልጄ ከእኔ ቀድማ መግባቷን ነው። ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት፣ ከሥሩ መስታወት ያለው አሮጌ ነገር። ሰውየው ወደሱ ሲዞር ልጄ እላዩ ላይ ተጠመጠመች፤ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ፌሮው ከጀርባዋ በላይ ተነሣ። ያን ጊዜ እጁ ላይ ተንጠለጠልኩና አንጓው ላይ ነከስኩት። አጥንቱ ጥርሴ ላይ ተሰማኝ። በክርኑ አፌን መታኝ፤ የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ። አልለቀቅኩም። ደሙንና ቀለሙን አንድ ላይ ዋጥኩ፤ ቀለሙ ያቃጥላል። ሌላ እጁ ጉሮሮዬን ሲይዝ ጥፍሬን ፊቱ ላይ ሰክቼ ወደ ታች ጎተትኩት። ሰውን እንዲህ ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር። ብችል ኖሮ እገድለው ነበር።

የወሎዋ ሴት ወለል የሚወለወልበትን እርጥብ ማዳበሪያ እሳቱ ላይ ጣለችና ቆማ ትረግጠው ጀመር። ዘበኛው በሩ ላይ ወድቀው ሊነሡ ይታገላሉ። ታላቅ ወንድምየው የታናሹን ወገብ ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል። በመካከሉ ጮኸ።

«አክታው የኔ ነው! የክሊኒኩ አክታ የኔ ነው!»

የሰውየው እጅ በጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አንተ አልወጣልህ አለ። ሙቅ ውኃ ልጠጣ ብለህ ብልቃጡን ለእኔ ትተህ ወጣህ። እኔ ተፋሁልህና ሰጠሁ። ያቺው የተፋሃት ትበቃለች ተብሏል አልኩህ። የኔ ነው። ንጹህ የተባልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ወደ ሥራህ ትመለስ ብዬ ነዋ። ሲደክምህ ኩንታልህን እኔ ስሸከምልህ ኖሬ የለም? ያንተን ስሸከም አለቃው ጠይቆ ያውቃል? የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነው።»

ይህን ሲል እያለቀሰ ነበር። ተሸካሚዎች እንዲህ ናቸው፤ ባቡር ጣቢያው በነበረበት ዘመንም፣ አሁን በመጋዘኖቹም፣ የደከመውን ሰው ሸክም ወንድሙ ይቀበለዋል፤ ቆጣሪው የሚያየው ኩንታሉ መግባቱን ነው። እሱም አክታን እንደ ኩንታል ቆጥሮት ኖሯል።

ፌሮው ከታናሽየው እጅ ወደቀ። እጆቹን አየ። ሁለቱም እስከ ክርን ቀይ ነበሩ። ልጅቷን አያት፤ ፊቷ ቀይ፣ ጋዋኗ ቀይ፣ ገንዳው ላይ እንደተደፋች ነች። «ገደልኳት» አለ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ከዚያ ሳሉ መጣበት። ያን ሳል ሰምቼው ስለማውቅ ለይቼዋለሁ።

ጩኸቱን ሰምቶ ከመንገድ ሰው ገባ። ድንጋይ የያዘ፣ ዱላ የያዘ፣ የመኪና መፍቻ የያዘ። ሁለቱንም ጎትተው ግቢው መሬት ላይ ጣሏቸው። «ሴት ገደሉ» የሚል ድምፅ ሄደ። ታላቅየው እላዩ ላይ ተኝቶ ወንድሙን ሸፈነ፤ እሱን ይረግጡ ጀመር። የጎድን አጥንት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ዘበኛው ዱላቸውን አግድም ይዘው «ሕግ አለ፣ ሕግ አለ» ይላሉ፤ እሳቸውንም አንዱ በጥፊ መታቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። አልገላገልኩም። አፌ ውስጥ ያለውን ደም እተፋ ነበር።

ያዳነቻቸው ልጅቷ ናት። የበሩን መቃን ይዛ ወጣች። ቀኝ ዓይኗ አይታይም፤ ያለበት ቦታ ላይ ያበጠ ሥጋ ነው የሚታየው፤ ደሙ ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ በአገጯ ይንጠባጠባል።

«የቀጭኑን ደረት አትምቱ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ሳምባው ቆስሏል። ደም ይተፋባችኋል፤ እናንተንም ይይዛችኋል።»

ሕዝቡ እሳት እንደነካው ሸሸ። የመኪና መፍቻ የያዘው ልጅ ሱሪውን ያራግፍ ጀመር። «ማስክ ስጡት፣ ለፖሊስ ደውሉ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ነርሷ ደረሰች። ጥጥና ፋሻ አምጥታ ዓይኗን ያዘችላት። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዷል፤ ዘበኛው እያነከሱ ታክሲ ሊፈልጉ ወጡ። ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ በደኅናው ዓይኗ ገንዳውን ታያለች።

«ስላይዶቹስ?»

ሁለቱ ወለሉ ላይ ተሰባብረዋል። አንዱ በክንዷ ሥር የነበረው ብረቶቹ ላይ ቀርቷል። ቁጥሩን አየሁ። ዓይኔን ያልነቀልኩበት ቁጥር ነው።

«የልጄ ነው» አልኩ። ከዚያ የወሎዋን ሴት አይቼ አፈርኩ። የሷ ባል ስላይድ ከተሰበሩት አንዱ ነው።

«አብሽሪ» አለችኝ፣ የተቃጠለ ጫማዋን እያወለቀች። «የኔው ሰውዬ ሌላ ይተፋል። መትፋትማ ማን ብሎት።»

ልጅቷ ከወንበሩ ልትነሣ ሞከረች። «ቀለሙ ዳሩ ላይ እየደረቀ ነው። አሁን ካልታጠበ ይበላሻል።»

«አብደሻል?» አለች ነርሷ። «ዓይንሽ እየደማ ነው እኮ።»

«ታክሲው እስኪመጣ ምን ልሥራ? ልጩህ?»

የተመታው ክንዷ አልነሣ አላት። ስለዚህ እኔን ጠራችኝ። እሷ እያዘዘችኝ አፈሰስኩ። ከጀሪካኑ ውኃ በኩባያ፣ በዳሩ በኩል፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ሳትሰበር የቀረችውን የአሲድ ጠርሙስ። «ቀዩ ሲፈስ ያያሉ። መፍሰሱን ሲያቆም ይበሉኝ።» ቀዩ ፈሰሰ፤ እየሳሳ ሄደ፤ መስታወቱ ምንም ያልነካው መሰለ። ሁሉም የታጠበ፣ የልጄም ነገር አብሮ የሄደ መሰለኝ። «ቆመ» አልኳት። ውኃ። ሰማያዊ ቀለም። እንደገና ውኃ። ስላይዱን ግድግዳ ላይ አቁመን አደረቅነው።

ልጄ ማይክሮስኮፑን ተሸክማ በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ አኖረችው። ልጅቷ የሥሩን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞረች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ስላይዱን አስገባች፣ ጎንበስ አለች። በቀኝ ዓይኗ ነው ማየት የለመደችው። ልማድ ነው፤ ረስታ ፋሻውን ማያው ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸችው ያኔ ነው። ነርሷ ልታነሣት ስትል በእጇ መለሰቻት።

የማያውን ደም በጥጥ ጠረገች። በግራ ዓይኗ ዝቅ አለች።

«በግራዬ አይቼ አላውቅም» አለች። «ትንሽ ይታገሡኝ።»

ለማየት ጊዜ ወሰደባት። ስላይዱን በጣቷ እየገፋች፣ እየመለሰች፣ እያረፈች። ፖሊስ እስኪመጣ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ያሰሯቸው ወንድማማቾች ሲያቃስቱ ይሰማል። ልጄ ክንዴን ይዛኛለች። ስትስል እንኳ አፏን አፍና ነው፤ ልጅቷን እንዳትረብሻት።

«አለ» አለች።

«ምን አለ?»

«ቀይ አለ። ብዙ ነው። ይምጡ ይዩ።»

አየሁ። ሰማያዊ ሜዳ ነው፤ በላዩ ቀጫጭን ቀይ ነገሮች ተበትነዋል። ልጄ ከፋብሪካ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ ከማራግፍላት ብጥስጣሽ ክር ምንም አይለይም። በእሳትም በአሲድም አልፈው እዚያው ነበሩ።

አለቀስኩ። «እማዬ» አለች ልጄ፣ «ይገኝልኝ ስትዪ ከርመሽ አሁን ለምን ታለቅሻለሽ?»

ልጅቷ ነርሷን «ጻፊላት፣ ዛሬውኑ ትጀምር» አለቻት። ታክሲው ደረሰ። ሲያስገቧት ራሷን ወደ እኔ አዞረች፤ ግን እኔ በፋሻው በኩል ስለነበርኩ የምታየኝ አልመሰለኝም። አላመሰገንኳትም። በሩ ተዘጋ።

ልጄ መድኃኒቷን ጨረሰች። መጀመሪያ አስመለሳት፣ ሽንቷ ብርቱካንማ ሆኖ አስደነገጠን፤ እየቆየ ግን ሳሉ ለቀቃት፣ ጉንጯ ተመለሰ፣ አሁን ሥራዋ ላይ ነች። እኔ የፊት ጥርሴን አጣሁ። እጄ ለብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ ቆየ፤ በሎሚ አሸሁት፣ በበረኪና ዘፈዘፍኩት፣ አልለቅም አለ። ሱቅ የሚመጣው ሰው ሳሙናውን ከእጄ ሲቀበል ያቅማማ ነበር።

አንድ የጥየቃ ቀን አንድ ሰው ሳሙና ሊገዛ ቆመ፤ በአንድ እጁ የምግብ ሳህን ይዟል፣ በሌላው ጎኑን ደግፏል። እጄን አየ። እኔም የሱን ጥፍር አየሁ፤ ሥሩ ቀይ ነው። ታላቅ ወንድምየው ነበር።

«እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ልጅዎ?»

«እየተሻላት ነው። ያንተስ ወንድም?»

«እዚያ ውስጥ ነው። መድኃኒቱን እያዩ ያስውጡታል። ወፍሯል።» ሳሙናውን እያገላበጠ ቆየ። «በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ዓይኗስ ይለኛል። አላውቅም እለዋለሁ። እርስዎ ሰምተዋል?»

እኔም አልሰማሁም። ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ አሁን ሌላ ሰው ነው ያለው፤ በሁለት ዓይን የሚታይበት ማይክሮስኮፕ መጥቷል። አንዱ ተዛውራለች አለኝ። ሌላው እናቷ ዘንድ ገጠር ገብታለች አለኝ። ሽማግሌው ዘበኛ ሥራ ትተዋል። ነርሷ ሆስፒታል ካደረሰቻት በኋላ እንዳላየቻት ነገረችኝ። ሰውየው አሁንም በየጥየቃው ሱቄ ላይ ይቆማል፣ ይጠይቀኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች እለምናችኋለሁ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ አክታ የምትመረምር፣ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ደኅና መሆኗን ንገሩኝ። ቀኝ ዓይኗ ያይ እንደሆነም ንገሩኝ። ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ሳሙና የምትሸጠዋ፣ የፊት ጥርስ የሌላት ሴት ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል።